ሚስጥርን ሳይናገሩ መግባት፦ ስለ ዜሮ ኖሌጅ ፕሩፍ እና ሎግኢን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዜሮ ኖሌጅ ፕሩፍ ብዙ ሰው ጆሮ የገባው ከክሪፕቶ ገንዘብ ጋር ተያይዞ ነው። ነገሩ ግን ከክሪፕቶ ገንዘብ በብዙ ዓመት ይቀድማል። መጀመሪያ ከታሰበባቸው ሥራዎች አንዱም ሰው ማንነቱን እንዲያረጋግጥበት ነበር። እዚህ የምናወራው ስለዚያ ብቻ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዜሮ ኖሌጅ ፕሩፍ ምንድን ነው?

አንድ ሚስጥር እንደምታውቁ፣ ሚስጥሩን ሳትናገሩ፣ ሌላውን ወገን የምታሳምኑበት ስልት ነው። ሦስት ነገር ይጠበቅበታል። ሚስጥሩን በእርግጥ የምታውቁ ከሆነ ታልፋላችሁ። የማታውቁ ከሆነ የማለፍ ዕድላችሁ ከምንም የማይቆጠር ነው። ሦስተኛው ስሙን ያሰጠው ነው፦ ጠያቂው «አዎ፣ ያውቃል» ከሚለው በቀር አንዳች ነገር ይዞ አይሄድም።

ሐሳቡን ሻፊ ጎልድዋሰር፣ ሲልቪዮ ሚካሊ እና ቻርልስ ራኮፍ በ1985 አቀረቡት። በ1986 አሞስ ፊያትና አዲ ሻሚር ለማንነት ማረጋገጫ በሚሆን መልክ አዘጋጁት። በ1989 ደግሞ ክላውስ ሽኖር ዛሬም ድረስ የሚሠራበትን ቀላልና ፈጣን ዘዴ ይዞ መጣ።

ፓስወርድ እኮ ሃሽ ተደርጎ ነው የሚቀመጠው። ምን አነሰው?

ሃሽ (ፓስወርዱን ወደ ኋላ ሊመለስ ወደማይችል ኮድ መቀየር) የሚደረገው ሰርቨሩ ጋ ከደረሰ በኋላ ነው። ችግሩ ያለው እዚያች ጋ ነው። ፓስወርዳችሁ መንገድ ላይ በቲኤልኤስ (በእናንተና በሰርቨሩ መካከል ባለው ምስጠራ) ተሸፍኖ ይሄዳል፤ ሲደርስ ግን ይገለጣል። ለአፍታም ቢሆን የሰርቨሩ ሜሞሪ ውስጥ እንደተጻፈው ቁጭ ይላል። በር በተከፈተ ቁጥር ቁልፉን ለዘበኛው አስረክቦ፣ አይቶ እስኪመልስ እንደመጠበቅ ነው። ዘበኛው ታማኝ ሊሆን ይችላል። ግን ቁልፉን ቀርጾ ላለማስቀረቱ ማስረጃችሁ ቃሉ ብቻ ነው።

ክፋትም ላያስፈልግ ይችላል፤ ዝርክርክነት ይበቃል። በ2018 ትዊተር ፓስወርዶች ሃሽ ከመደረጋቸው በፊት ሎግ ፋይል (ሲስተሙ የሚሠራውን የሚመዘግብበት ፋይል) ውስጥ ይጻፉ እንደነበር አምኖ ተጠቃሚዎቹ እንዲቀይሩ ጠየቀ። በ2019 ፌስቡክ የመቶ ሚሊዮኖች ፓስወርድ በውስጥ ሲስተሞቹ ላይ ሳይመሰጠር ተቀምጦ እንደነበር ተናገረ። ሁለቱም ሃሽ ማድረግ የማያውቁ ድርጅቶች አይደሉም። ሰርቨሩ ጭራሽ ያልተቀበለውን ነገር ግን በስህተትም ቢሆን ሎግ ላይ ሊጽፈው አይችልም።

እሺ፣ ሳይነግሩት እንዴት ነው የሚያምነው? በቁጥር አሳዩኝ።

የሽኖርን ዘዴ በትንንሽ ቁጥር እንሞክረው። ወረቀትና እስክሪብቶ ብትይዙ ይሻላል።

ሁሉም ሰው የሚያውቃቸው ሁለት ቁጥሮች አሉ፦ 2 እና 23። ደንቡ ቀላል ነው። 2ን በራሱ ደጋግመን እናባዛለን፤ ውጤቱን ለ23 አካፍለን ቀሪውን ብቻ እንይዛለን።

ሚስጥራችሁ 7 ይሁን። 2ን 7 ጊዜ ስታባዙ 128 ይመጣል፤ ለ23 ሲካፈል ቀሪው 13 ነው። አካውንት ስትከፍቱ ለሰርቨሩ የምትሰጡት 13ን ነው። 7 ከስልካችሁ አትወጣም።

ለመግባት ስትመጡ ስልካችሁ አንድ የዘፈቀደ ቁጥር ያወጣል፤ 4 ወጣ እንበል። 2ን 4 ጊዜ አባዝቶ 16ን ይልካል፤ 4ን ይደብቃል። ሰርቨሩ በተራው የራሱን የዘፈቀደ ቁጥር ይወረውራል፤ 5 ይሁን። አሁን ስልካችሁ 5ን በሚስጥሩ በ7 ያባዛል፤ 35። የደበቀውን 4 ይደምርበታል፤ 39። እዚህ ላይ ቀሪ የሚያዘው ለ11 ሲካፈል ነው፤ ምክንያቱም 2ን 11 ጊዜ ስታባዙ ቀሪው ወደ 1 ይመለስና ዑደቱ እንደገና ይጀምራል። 39 ለ11 ሲካፈል ቀሪው 6 ነው። ስልኩ 6ን ይልካል።

ሰርቨሩ ሁለት ስሌት ይሠራል። በአንድ በኩል 2ን 6 ጊዜ ያባዛል፦ 64፣ ቀሪው 18። በሌላ በኩል ያስቀመጠውን 13 የወረወረውን ያህል፣ ማለትም 5 ጊዜ ያባዛል፤ ቀሪው 4 ይሆናል። ይህን 4 በ16 ሲያባዛው 64፣ ቀሪው 18። 18 እና 18 ገጠሙ። ግቡ።

7 የትም አልተላከችም። በእርግጥ እዚህ ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ከ13 ወደ 7 በጣት ቆጥሮ መመለስ ይቻላል። በተግባር ሚስጥሩ 77 አኃዝ ገደማ ያለው ቁጥር ነው። ያን ያህል ሲሆን ወደ ኋላ መመለሻ ፈጣን መንገድ ዛሬ ባሉት ኮምፒውተሮች አልተገኘም።

አጭበርባሪ ገምቶ ቢያልፍስ?

በምሳሌያችን ሰርቨሩ ሊወረውር የሚችለው ከ11 ቁጥሮች አንዱን ነው። ቀድሞ የገመተ ሰው ከ11 አንዴ ሊቀናው ይችላል። በእውነተኛው ሲስተም የሚወረወረው ቁጥር ግዙፍ ስለሆነ ግምት አያዋጣም።

ሰርቨሩ «ምንም አይማርም» የሚባለው ማጋነን አይደለም?

አይደለም። ማረጋገጫውም ከሐሳቡ ሁሉ ቆንጆው ክፍል ነው ባይ ነኝ።

7ን የማያውቅ ሰው ቁጭ ብሎ ከኋላ ወደ ፊት ይሥራ። መጀመሪያ የሰርቨሩን ጥያቄ ራሱ ይመርጣል፦ 3። ከዚያ መልሱን ራሱ ይመርጣል፦ 9። 2ን 9 ጊዜ ሲያባዛ ቀሪው 6 ነው። 13ን 3 ጊዜ ሲያባዛ ቀሪው 12 ነው። አሁን የሚፈልገው በ12 ሲባዛ ቀሪው 6 የሚሆን ቁጥር ነው። እሱም ራሱ 12 ነው፤ 144 ለ23 ሲካፈል ቀሪው 6 ነውና። በቃ፣ «12፣ 3፣ 9» የሚል የሎግኢን መዝገብ ተሠራ። ሰርቨሩ የሚሠራውን ስሌት ብትሠሩበት ይገጥማል።

ልብ በሉ፣ ይህ ሰው በዚህ መዝገብ አይገባም። በእውነተኛው ሎግኢን ጥያቄውን የሚወረውረው ሰርቨሩ ነው፤ ያውም የእናንተን የመጀመሪያ ቁጥር ከተቀበለ በኋላ። ነገር ግን ማንም ሚስጥሩን ሳያውቅ ከእውነተኛው የማይለይ መዝገብ መፈብረክ ከቻለ፣ እውነተኛው መዝገብ ውስጥም ስለ ሚስጥሩ የተቀበረ ነገር የለም ማለት ነው። በጥብቅ ካየነው ይህ ማረጋገጫ የሚሠራው ሰርቨሩ ጥያቄውን ሳያጭበረብር በዘፈቀደ ሲወረውር ነው።

ያቺ የምትደበቅ የዘፈቀደ ቁጥር ብትደገምስ?

አለቀላችሁ። ስልኩ ሰነፍ ሆኖ በሁለተኛው ቀንም 4ን ተጠቀመ እንበል። ያኔም 16 ይላካል። ሰርቨሩ ዛሬ 6 ወረወረ። 6 በ7 ሲባዛ 42፣ 4 ሲደመር 46፣ ለ11 ቀሪው 2። ሁለቱን ቀን ያየ ሰው አሁን ይቀንሳል። የጥያቄዎቹ ልዩነት 1 ነው። የመልሶቹ ልዩነት 2 ሲቀነስ 6 ነው፤ ኔጋቲቭ 4 ይሆናል። በ11 ዑደት ኔጋቲቭ 4 ማለት 7 ነው። ሚስጥሩ ወጣ።

ይህ የክፍል ውስጥ ልምምድ ብቻ አይደለም። በ2010 የሶኒ ፕሌይስቴሽን 3 የፊርማ ቁልፍ የተገኘው በዚሁ ዓይነት ስህተት ነው። የፊርማ ዘዴው ሌላ ቢሆንም በየጊዜው መለወጥ የነበረበት ቁጥር ሳይለወጥ ቀረ። የዘፈቀደ ቁጥር የሚያወጣው የኮዱ ክፍል ጥራት የሌላውን ሁሉ ያህል ያሳስባችሁ።

ስለዚህ ፓስወርዴን ወደ ቁጥር ቀይሬ በ7 ቦታ ላስገባው?

በጭራሽ! ብዙ ጀማሪ የሚወድቅበት ጉድጓድ ይህ ነው። ከላይ ያለው ዘዴ ጠንካራ የሚሆነው ሚስጥሩ ግዙፍና በዘፈቀደ የወጣ ሲሆን ነው። ሰው የሚመርጠው ፓስወርድ እንዲህ አይደለም። ንግግሩን የሰማ ሰው የታወቁ ፓስወርዶችን ዝርዝር ይይዝና አንድ በአንድ ወደ ቁጥር እየቀየረ ከሰማው መዝገብ ጋር ያመሳክራል። የገጠመለት ጊዜ ፓስወርዱን አገኘ። ሰርቨሩን ማንኳኳት እንኳ አያስፈልገውም፤ ቤቱ ሆኖ በሴኮንድ ሚሊዮኖችን ይሞክራል።

ለፓስወርድ የተሠሩ ሌሎች ፕሮቶኮሎች አሉ፤ በጥቅሉ ፔክ ይባላሉ። የመጀመሪያውን ስቲቨን ቤሎቪንና ማይክል ሜሪት በ1992 አወጡ። ከሁሉ በላይ የተሰራጨው በ1998 ቶም ዉ ያቀረበው ኤስአርፒ ነው። በዚህ ጊዜ መስመሩን የሰማ ሰው ግምቱን የሚያመሳክርበት ነገር አያገኝም። ለእያንዳንዱ ግምት ሰርቨሩን መጠየቅ አለበት፤ ሰርቨሩ ደግሞ ከጥቂት ሙከራ በኋላ በሩን ይዘጋል።

አዲሱ ኦፔክ ይባላል። ስታኒስላቭ ያሬትስኪ፣ ሁጎ ክራውቺክ እና ጂያዩ ሹ በ2018 አቀረቡት፤ በ2025 ደግሞ አርኤፍሲ 9807 የተባለ የኢንተርኔት ቴክኒክ ሰነድ ሆኖ ታተመ። ስልኩ ፓስወርዱን በዘፈቀደ ቁጥር ይሸፍነውና ይልካል። ሰርቨሩ ምን እንደሆነ ሳያውቅ የራሱን ቁልፍ ይቀላቅልበትና ይመልሳል። ስልኩ ሽፋኑን ያነሳል፤ የሚቀረው ጠንካራ ቁልፍ ነው። በዚያ ቁልፍ ትክክለኛው የመግቢያ ሚስጥር የታሸገበት ፖስታ ይከፈታል። ከኤስአርፒ የሚበልጥበት ነገር አለ። በኤስአርፒ ሶልቱ (ከፓስወርዱ ጋር ተቀላቅሎ ሃሽ የሚደረገው የዘፈቀደ ቁጥር) ለጠየቀ ሁሉ ይላካል፤ ስለዚህ ሌባው ዳታቤዙን ከመስረቁ በፊት ስሌቱን ሠርቶ ሊጠብቅ ይችላል። በኦፔክ ግን ከስርቆቱ በፊት የሚሠራው የቤት ሥራ የለም።

አንድ ነገር ላስተካክል። በጥብቅ ትርጉሙ ኤስአርፒም ኦፔክም ከላይ እንዳየነው ያሉ ዜሮ ኖሌጅ ፕሩፎች አይደሉም። የአንድ ሰፈር ልጆች ናቸው። «ፓስወርዱን ሳይሰጡ ማሳመን» የሚለውን ሥራ ስለሚሠሩ ግን ሰው አብሮ ይጠራቸዋል።

ዳታቤዙ ከተሰረቀ ግን ደህና ነኝ?

ከድሮው ትሻላላችሁ እንጂ ነፃ አይደላችሁም። ሌባው የሰርቨሩን መዝገብና ቁልፍ በሙሉ ከወሰደ፣ ደካማ ፓስወርዶችን በግምት ማግኘቱ አይቀርም። የትኛውም ሒሳብ የስልክ ቁጥራችሁን ጠንካራ ፓስወርድ አያደርገውም።

በእውነት የሚጠቀምበት አለ?

አለ። የፓስወርድ ማስቀመጫው ዋንፓስወርድና የኢሜይል አገልግሎቱ ፕሮቶን በኤስአርፒ ያስገባሉ። አፕል ለአይክላውድ ኪቼይን መልሶ ማግኛ ኤስአርፒን ይጠቀማል። ዋትስአፕ በ2021 ባክአፕን በኤንድ ቱ ኤንድ ምስጠራ ማስቀመጥ ሲጀምር ኦፔክን ነው የመረጠው። ምናልባት ሳታውቁት ተጠቅማችሁበታል።

ፓስኪ ዜሮ ኖሌጅ ነው?

አይደለም፤ ግን ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ፓስኪ በፓስወርድ ፈንታ በዲጂታል ፊርማ የሚሠራ መግቢያ ነው። ሰርቨሩ የዘፈቀደ ጥያቄ ይልካል፤ ስልኩ በሚስጥር ቁልፉ ይፈርምበታል፤ ሰርቨሩ ጋ ያለው ይፋዊ ቁልፍ (ፊርማውን መፈተሻ እንጂ መፈረሚያ የማይሆን) ብቻ ነው። ሚስጥሩ እዚህም ከስልኩ ወደ ሰርቨሩ አይሄድም። ልዩነቱ ፊርማው ማስረጃ ሆኖ መቅረቱ ነው። ሰርቨሩ ለሦስተኛ ወገን «ይኸው፣ ይህ ቁልፍ ፈርሟል» ብሎ ማሳየት ይችላል። የሽኖርን ንግግር ግን ማንም ሊፈበርከው ስለሚችል ማሳያ አይሆንም።

ተራ ዌብሳይት ያለው ሰው «ሎግኢኔን በዜሮ ኖሌጅ ልሥራው?» ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ፓስኪ አስገባና ተገላገል ነው የምለው። ፓስወርድ የግድ ከሆነ ኦፔክ።

ታዲያ ዜሮ ኖሌጅ የግድ የሚሆነው የት ነው?

ማንነታችሁን ሳይሆን ስለ ራሳችሁ አንድ ነገር ብቻ ማረጋገጥ ስትፈልጉ። እዚህ ጋ ፓስኪ አይደርስበትም።

ከ18 ዓመት በላይ መሆናችሁን የሚጠይቅ ሳይት አለ እንበል። መታወቂያ ፎቶ አንስታችሁ ብትልኩ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ቁጥር፣ አድራሻ ሁሉ ይሄዳል። የሚያስፈልገው ግን አንዲት «አዎ» ናት። በዜሮ ኖሌጅ ስልኩ ላይ ያለው ዲጂታል መታወቂያ በመንግሥት መፈረሙንና የትውልድ ቀኑ ከተባለው ቀን በፊት መሆኑን ብቻ ታረጋግጣላችሁ። ቀኑ ራሱ አይታይም፤ ፊርማውም አይታይም። ጉግል በ2025 ይህን ለዕድሜ ማረጋገጫ ዋሌት በተባለው አፑ ውስጥ ማስገባቱን አስታወቀ፤ ኮዱንም በዚያው ዓመት ይፋ አደረገ።

ፊርማው አለመታየቱ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ፊርማ ረጅምና ልዩ ቁጥር ነው። ሁለት ሳይት ላይ አንድ ዓይነት ፊርማ ካሳያችሁ፣ ስማችሁን ባያዩም አንድ ሰው መሆናችሁን ያውቃሉ። ጥቂት ቆይተው ስሙንም ያገኙታል።

ሌላው የቡድን አባልነት ነው። «ከእነዚህ 5,000 ሠራተኞች አንዱ ነኝ፤ የትኛው እንደሆንኩ ግን አልናገርም» ማለት ይቻላል። ለጥቆማ መስጫና ለድምፅ አሰጣጥ ይሆናል። አንድ ሰው ሁለቴ እንዳይገባ ከሚስጥሩ የሚሠላ አንድ ምልክት አብሮ ይላካል፤ ምልክቱ መደጋገምን ያሳብቃል እንጂ ባለቤቱን አያሳይም።

ፊሺንግን ያቆማል?

ፊሺንግ ሐሰተኛ ገጽ አቅርቦ ሰውን ማታለል ነው፤ ዜሮ ኖሌጅ ብቻውን አያቆመውም። አጭበርባሪው መሀል ቆሞ የእውነተኛውን ሰርቨር ጥያቄ ለእናንተ፣ የእናንተን መልስ ለሰርቨሩ ቢያቀባብል፣ ሒሳቡ ምንም ሳይጎድልበት እሱ ይገባል። ማረጋገጫው ከሳይቱ ስምና ከግንኙነቱ ጋር መታሰር አለበት። ፓስኪ ይህን በብራውዘሩ በኩል ያደርጋል፤ ጠንካራ ጎኑም ይኸው ነው።

ብራውዘር ላይ ሌላ ቀዳዳም አለ። ፓስወርድ የምትጽፉበትን ገጽና ስሌቱን የሚሠራውን ጃቫስክሪፕት የሚልከው ያው ሰርቨር ነው። ሰርቨሩ ከተጠለፈ ገጹ ተቀይሮ ፓስወርዱን እንደጻፋችሁት ሊልከው ይችላል። የስልክ አፕ በዚህ በኩል ይሻላል፤ ኮዱ በየሎግኢኑ አይቀየርም።

«ዜሮ ኖሌጅ» ብሎ የሚያስተዋውቅ ክላውድ አየሁ። ይኸው ነው?

ብዙ ጊዜ አይደለም። ማለት የፈለጉት «ፋይላችሁ ስልካችሁ ላይ ተመስጥሮ ነው የሚመጣው፤ እኛ ቁልፉ የለንም» ነው። ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ሌላ ነገር ነው።

ብሎክቼይን ያስፈልገዋል?

አያስፈልገውም።

ያዘገያል?

የትኛውን እንደመረጣችሁ ይወሰናል። ሽኖርና ኦፔክ ተራ ስልክ ላይ ዓይን ሳይታሽ ያልቃሉ፤ እንዲያውም ኦፔክ ውስጥ ጊዜ የሚወስደው ሆን ተብሎ ፓስወርዱን የሚያከብደው ሃሽ ነው። እንደ መታወቂያው ያለ ውስብስብ ነገር ሲሆን ዜድኬ ስናርክ የሚባሉት አጫጭር የዜሮ ኖሌጅ ማስረጃዎች ይመጣሉ። እነሱን መፈተሽ ፈጣን ነው፤ መሥራቱ ግን ስልኩን ያስጨንቃል። ከእነሱ አንዱ፣ በ2016 የወጣው ግሮት16፣ ማስረጃው 200 ባይት ገደማ ብቻ ነው። ነገር ግን ሲጀመር የመነሻ ቁልፍ ማዘጋጀት ይፈልጋል፤ ያ ሲዘጋጅ የነበረው ሚስጥር ያልጠፋ እንደሆነ ያገኘው ሰው ሐሰተኛ ማስረጃ መሥራት ይችላል። ስታርክ የሚባለው ሌላው ዓይነት ይህ ጣጣ የለበትም፤ በምትኩ ማስረጃው በብዙ እጥፍ ይገዝፋል።

ኮዱን ራሴ ልጻፈው?

ለመማር አዎ፤ ለሥራ አይሆንም። ብዙ የሚስተው ከሰርቨሩ ጋር የነበረውን ምልልስ ለማስቀረት ሲሞከር ነው። በ1986ቱ የፊያትና የሻሚር ዘዴ ሰርቨሩ የሚወረውረውን ቁጥር ከሃሽ ማውጣት ይቻላል። ደንቡ እስከዚያ የተባለው ሁሉ ሃሹ ውስጥ ይግባ ነው። አንድ ነገር ካመለጠ፣ ከላይ እንዳየነው አጭበርባሪ ከኋላ ወደ ፊት የመሥራት መንገድ ተከፈተለት።

በ2019 ተመራማሪዎች በስዊዘርላንድ ፖስታ የኤሌክትሮኒክ ድምፅ አሰጣጥ ኮድ ውስጥ ይህንኑ ጉድለት አገኙ። በ2022 ደግሞ ትሬይል ኦፍ ቢትስ የተባለው የደህንነት ድርጅት በተለያዩ ላይብረሪዎች (ተዘጋጅተው በሚገኙ የኮድ ስብስቦች) ውስጥ አገኘው፤ ፍሮዘን ሃርት የሚል ስምም ሰጠው። እነዚህን የጻፉት ጀማሪዎች አልነበሩም። የተመረመረና ሰው የሚጠቀምበትን ላይብረሪ ውሰዱ።

ስልኬ ቢጠፋ ወይም ፓስወርዴን ብረሳስ?

ሰርቨሩ ሚስጥሩን ስለማያውቀው ሊያስታውሳችሁ አይችልም። አዲስ ያስመዘግባችኋል። ጥያቄው «እናንተ መሆናችሁን በምን አውቆ?» ነው። በኤስኤምኤስ ኮድ ብቻ ከሆነ፣ ሲም ካርዳችሁን ያስቀየረ ሌባ የሽኖርን ሒሳብ ሳይነካ በጓሮ ይገባል። ሲስተም ስትሠሩ መልሶ ማግኛውን ከሎግኢኑ በፊት አስቡት። ሁለተኛ መሣሪያ አስቀድሞ ማስመዝገብና በወረቀት የሚቀመጥ መልሶ ማግኛ ኮድ መስጠት የሚያዋጡት ናቸው።

ኳንተም ኮምፒውተር ሲመጣስ?

ሽኖር፣ ኤስአርፒ፣ ዛሬ በሥራ ላይ ያለው ኦፔክ እና ግሮት16 በቂ አቅም ባለው ኳንተም ኮምፒውተር ይሰበራሉ፤ ፒተር ሾር በ1994 ባሳየው ዘዴ ከ13 ወደ 7 መመለስ ቀላል ይሆናልና። በሃሽ ላይ የቆመው ስታርክ ይቋቋማል ተብሎ ይታሰባል። ለሎግኢን ግን ጥድፊያው ከመልእክት ምስጠራ ያንሳል። ዛሬ የተቀዳ መልእክት ከ20 ዓመት በኋላ ሊነበብ ይችላል፤ ዛሬ የተቀዳ የሽኖር ሎግኢን ግን ያኔ ቁልፉ ተቀይሮ ከሆነ በር አይከፍትም። ሚስጥሩ ከፓስወርድ የተነሳ ከሆነ ጉዳዩ ይለያል፤ ያንኑ ፓስወርድ ያኔም የምትጠቀሙበት ከሆነ ማለቴ ነው።